«ከፋኝ»፣ «አዘንኩ»፣ «ደበረኝ»፦ በእንግሊዝኛ የትኛውን ልበል?

ጎጃም ውስጥ እንግሊዝኛ ለዕለት ሥራው የሚያስፈልገው ሰው ጥቂት አይደለም። ባሕር ዳር ሆቴል የሚያስተናግድ አለ፤ በጣና ላይ እንግዳ በጀልባ ይዞ ገዳማቱን የሚያስጎበኝ አለ፤ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፍ አለ፤ ውጭ ተወልደው አማርኛ ከማይችሉ የወንድምና የእኅት ልጆች ጋር በስልክ የሚያወራም አለ። አብዛኛው ለመከፋት ሁሉ የሚጠቀመው አንድ ቃል ነው፦ «ሳድ»። አባት ቢሞት ሳድ፣ ጓደኛ ቢቀየም ሳድ፣ እሑድ ከሰዓት ቢደብር ሳድ፣ እንግዳው ክፍሉን ቢጠላው ሳድ። ሰሚው ነገሩን በግምት ይረዳዋል። የሚቸገረው መልሱ ላይ ነው፤ ማጽናናት ይገባው እንደሆነ፣ ይቅርታ መጠየቅ ይገባው እንደሆነ፣ ወይስ ዝም ማለት፣ ከቃሉ ማወቅ አይችልም።

ስለዚህ መዝገበ ቃላት ከመግለጣችሁ በፊት ስለ ስሜቱ ሦስት ነገር ጠይቁ። ያስከፋው ምንድን ነው? ሞትና መለየት ነው፣ የተጠበቀ ነገር መቅረት ነው፣ ወይስ ሰው የተናገረው ክፉ ቃል? ያዘንኩት ለሰውየው ነው ወይስ በሰውየው? አሁን የመጣ ነው ወይስ ሳምንታት የዘለቀ? እንግሊዝኛ ቃላቱን የሚለያያቸው በእነዚህ ነው።

መጀመሪያ ባለቤቱን አስተካክሉ

ቃሉን በትክክል መርጠው ዐረፍተ ነገሩ ላይ የሚወድቁ ብዙ ናቸው። በአማርኛ ስሜቱ መጥቶ ይይዘናል፦ ከፋኝ፣ ደበረኝ፣ ጨነቀኝ፣ ቆጨኝ። መጨረሻ ላይ የቆመችው «ኝ» ሰውየውን ተሳቢ ታደርገዋለች። በእንግሊዝኛ ባለቤቱ ሰውየው ራሱ ነው፦ «አይም አፕሴት»፣ «አይም ዎሪድ»፣ «አይ ፊል ሳድ»። «ኢት ሳድ ሚ» የሚባል ነገር የለም፤ ምክንያቱን ባለቤት ማድረግ ከፈለጋችሁ «ኢት ሜድ ሚ ሳድ» በሉ።

ከሁሉ የሚያስቀው ስህተት «ናፈቅሽኝ» ላይ ያለው ነው። በሰዋስው የ«ናፈቅሽኝ» ባለቤት አንቺ ነሽ፤ ተማሪውም ይህን እንዳለ ገልብጦ «ዩ ሚስድ ሚ» ይላል። ይህ ግን «አንቺ ናፍቀሽኝ ነበር» ሳይሆን «እኔ ነኝ የናፈቅኩሽ» ማለት ነው፤ ፍቅሩን ሊገልጽ የመጣው ልጅ ኩራተኛ ሆኖ ይገኛል። ትክክሉ «አይ ሚስ ዩ» ነው፤ በአካል ተገናኝታችሁ ያለፈውን ጊዜ የምትናገሩ ከሆነ «አይ ሚስድ ዩ»።

ጊዜውም ያሳስታል። «ከፋኝ»፣ «ደከመኝ»፣ «ራበኝ» ቅርጻቸው ኃላፊ ጊዜ ነው፤ የሚናገሩት ግን ስለ አሁን ነው። «አይ ዎዝ አፕሴት» ካላችሁ ሰሚው የሚሰማው «ከፍቶኝ ነበር፣ አሁን አልፎልኛል» የሚል ነው፤ ወደ ሌላ ወሬ ቢሻገር አትቀየሙት። አሁንም እንደከፋችሁ ከሆነ «አይም» በሉ።

ቀጥሎ የቃሉ ጫፍ። በ«ድ» የሚያልቀው ስሜቱ የደረሰበት ሰው ነው፤ በ«ኢንግ» የሚያልቀው ስሜቱን ያመጣው ነገር ነው። «አይም ቦርድ» ሰልችቶኛል ነው። «አይም ቦሪንግ» ያለ ሰው ግን «እኔ የማሰለች ሰው ነኝ» ብሎ ራሱን ሰድቧል። «ዲሳፖይንቲድ» እና «ዲሳፖይንቲንግ»፣ «ዲፕረስት» እና «ዲፕረሲንግ» እንዲሁ ናቸው። ስትናገሩ ልብ በሉ፤ የ«ቦርድ» መጨረሻ «ድ» ነው፣ የ«ዲፕረስት» መጨረሻ በጽሕፈት «ድ» ቢሆንም ድምፁ «ት» ነው፣ «ዲሳፖይንቲድ» ግን «ቲድ» ብሎ አንድ ክፍለ ቃል ይጨምራል። ሲጻፍ «ኤስ»ዋ አንዲት ናት፣ «ፒ»ዎቹ ሁለት ናቸው፤ ብዙ ተማሪ ግን ይገለብጣቸዋል።

አንድ «አዘንኩ»፣ አራት መንገድ

ለሞተ ሰው ስናዝን፣ የተቸገረ አይተን ስናዝን፣ ልጅ ሲያጠፋ ስናዝንበት፣ መሥሪያ ቤት «ጥያቄዎን ባለመቀበላችን እናዝናለን» ብሎ ሲጽፍ አማርኛው አንድ ግሥ ነው። እንግሊዝኛው ይበታተናል።

የሞቱን ዝቅ ብለን «ለቅሶ መድረስ» በሚለው ክፍል እናየዋለን። የመጨረሻው ቀላል ነው፤ በደብዳቤ «ዊ ሪግሬት» ይባላል። በአፍ ግን ማንም እንዲህ አይናገርም።

የተቸገረ ሰው አይቶ ማዘን «ፊል ሶሪ ፎር» ነው። መናኸሪያ ላይ ሸክም የከበዳቸው አሮጊት አይታችሁ «አሳዘኑኝ» ለማለት «ሺ ሜድ ሚ ሳድ» ብትሉ፣ አሮጊቷ እናንተን ያስከፉ ይመስላል። «አይ ፌልት ሶሪ ፎር ኸር» በሉ። «ፒቲ» የሚለውን ግሥ ሰው ላይ አትጠቀሙ፤ «አይ ፒቲ ዩ» ከላይ ወደ ታች ማየት አለበት፣ በጠብ ውስጥ የሚወረወር ቃል ነው። «ምስኪን» ለማለት «ፑር ቲንግ» ወይም «ፑር ዉማን» ይባላል፤ «ፑር» ከስሙ ፊት ሆኖ በርኅራኄ ሲነገር ስለ ገንዘብ አያወራም። «ሺ ኢዝ ፑር» ካላችሁ ግን ደኻ ናት ብላችኋል።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንዱ «ፓቴቲክ» ነው። መዝገበ ቃላት ውስጥ «አሳዛኝ» ተብሎ ልታገኙት ትችላላችሁ፤ በዕለት ንግግር ግን «የማይረባ፣ የሚያስንቅ» ማለት ነው። ችግሩን ላጫወታችሁ ሰው «ዩር ስቶሪ ኢዝ ፓቴቲክ» ማለት ስድብ ነው፤ «ዛትስ ሶ ሳድ» በሉት። ሁለተኛው «ዋት ኤ ሼም» ነው። እኛ «ሼም» የምንለው ኃፍረትን ስለሆነ፣ እንግዳ «ዋት ኤ ሼም» ሲል ብዙ ሰው «ነውር ነው» እንዳለው ቆጥሮ ይደነግጣል። ትርጉሙ «ያሳዝናል» ብቻ ነው፤ ያውም ለቀላል ነገር። ጀልባው አምልጦት፣ ዝናብ መጥቶ ጉዞው ቢቀር የሚባል ነው። ነውር የሚሆነው «ሼም ኦን ዩ» ሲባል ነው። ሰው ሞቶ «ዋት ኤ ሼም» አይባልም፤ ሐዘኑን ያሳንሰዋል።

«አዘንኩብህ» ደግሞ «አይም ዲሳፖይንቲድ ኢን ዩ» ነው። መስተዋድዱን ጠንቅቃችሁ ያዙ። ሰው ላይ ሲሆን «ኢን»፣ ነገር ላይ ሲሆን «ዊዝ»። «ዲሳፖይንቲድ ዊዝ ዘ ፉድ» ምግቡ የጠበቅሁትን ያህል አልሆነም ነው፤ «ዲሳፖይንቲድ ኢን ዩ» ግን «እንዲህ ያለ ሰው አልመሰልከኝም ነበር» የሚል ከባድ ቃል ነው። ቀጠሮ ላረፈደ ጓደኛ አይነገርም። አባት ለልጁ፣ አለቃ ላመነው ሠራተኛ የሚናገረው ነው፤ ሰሚውም ከቁጣ ይልቅ ይፈራዋል።

በነገራችን ላይ «ሳድ» ራሱ በጥንቱ እንግሊዝኛ «የጠገበ» ማለት ነበር። ከጥጋብ ወደ መክበድ፣ ከመክበድ ወደ ሐዘን ዞሮ ነው ዛሬ ላይ የደረሰው።

ከፋኝ፣ ተቀየምኩ፣ አኮረፈ

ለ«ከፋኝ» ከሁሉ የሚቀርበው «አፕሴት» ነው። ልክ እንደ ከፋኝ ሐዘኑንም ንዴቱንም አብሮ ይይዛል፣ ትኩስ ስሜት ነው፣ ሲብስ እንባ አለበት። «አፕሴት አባውት» ካላችሁ ነገሩ ነው ያስከፋችሁ፤ «አፕሴት ዊዝ» ካላችሁ ሰውየው ነው፣ ቁጣውም ይበዛል። ድምፁ «ሴት» ላይ ይጠብቃል።

«ተቀየምኩ» ግን «አፕሴት» ብቻ አይበቃውም። መቀየም ከቅርብ ሰው የመጣ ነው፤ «አይ ዎዝ ኸርት ባይ ዋት ሂ ሴድ» ብትሉ ሰሚው በትክክል ይገባዋል። «ኦፌንዲድ» ክብር ሲነካ ነው፤ ባዳም ሊያደርገው ይችላል። ቂም ከሆነና ከቆየ «ሂ ሆልድስ ኤ ግራጅ»።

ኩርፊያ ላይ ተጠንቀቁ። መዝገበ ቃላቱ «ሰልኪንግ» ይሰጣችኋል፤ ይህ ቃል ግን ልጅ ከንፈሩን ጥሎ ሲቀመጥ የሚባል ነው። በርስት ወይም በድንበር ምክንያት ዓመት ሙሉ የተኳረፉ ሁለት ጎረቤቶችን ለእንግዳ ስታስረዱ «ዘይ አር ሰልኪንግ» ብትሉ ሽማግሌዎቹን ሕፃናት አደረጋችኋቸው። «ዘይ ሃድ ኤ ፎሊንግ አውት» ተጣልተዋል ነው፣ «ዘይ አርንት ስፒኪንግ» አይነጋገሩም ነው፣ ሽማግሌ ገብቶ ሲታረቁ «ዘይ ሜድ አፕ» ይባላል።

ሆድና አንጀትን ወደ እንግሊዝኛ ይዛችሁ አትሂዱ። «ሆድ ባሰኝ» ለማለት «ማይ ስቶማክ ኢዝ አፕሴት» ብትሉ የሚቀርብላችሁ የተቅማጥ መድኃኒት ነው። ስሜቱ ማልቀስ ማልቀስ ማለት ስለሆነ እንዲያው «አይ ፌልት ላይክ ክራይንግ» በሉ። «አንጀቴን በላው» ደግሞ «ኢት ብሮክ ማይ ሃርት» ነው። ልብ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ይስማማሉ፤ «ልቤ ተሰበረ» እና «ሃርትብሮክን» በፍቅርም በሞትም እኩል ይሠራሉ።

«ደበረኝ» ዲፕረስት አይደለም

ወጣቱ ላይ ከሁሉ የበዛው ስህተት ይህ ነው፤ ጉዳትም ስላለው ጠበቅ አድርገን እንናገራለን። «ዛሬ ደበረኝ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራ ነገር ጠፋ ማለት ነው፤ ያ «ቦርድ» ነው። አንድ ነገር ከመደጋገሙ የተነሳ አንገሽግሾኝ ከሆነ «ፌድ አፕ ዊዝ» ነው፤ መብራት በየቀኑ ሲጠፋ የምትሉት ይህን ነው። ምክንያቱን ሳላውቅ መንፈሴ ወርዶ ከሆነ «አይም ፊሊንግ ኤ ቢት ዳውን» ወይም «ኤ ቢት ሎው»። ከሞጣ ወይም ከቢቸና መጥቶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የከረመ ተማሪ አገር ቤት ናፍቆት ደብሮት ከሆነ «ሆምሲክ» ነው። ሰው አጠገቡ የሌለው «አሎን» ነው፤ መቶ ሰው መካከል ሆኖ ብቸኝነት የሚሰማው ግን «ሎንሊ»። «አይም አሎን» ሐዘን የለበትም፣ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው የለም ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል።

«ዲፕረስት» ሁለት ሕይወት አለው። በጨዋታ ላይ ኳስ ተሸንፎ «አይም ሶ ዲፕረስት» የሚል እንግሊዛዊ አለ፤ ማጋነን ነው። በሕክምና ቤት ግን የበሽታ ስም ነው፣ አሁን በአማርኛ «ድባቴ» የምንለው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ በሽታው ነው ለማለት ከ9 ምልክቶች ቢያንስ 5ቱ ለ2 ሳምንት እንዲታዩ ይጠይቃል፤ ከ5ቱ አንዱ የወረደ መንፈስ ወይም ለነገሮች ፍላጎት ማጣት መሆን አለበት። ጤና ባለሙያዎች በብዛት የሚጠቀሙበት ባለ 9 ጥያቄ መጠይቅም ያለፉትን 2 ሳምንታት ነው የሚጠይቀው፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሞላል፣ ጠቅላላው እስከ 27 ይደርሳል። በእንግሊዝኛው ሁለተኛው ጥያቄ ላይ «ዳውን»፣ «ዲፕረስት» እና «ሆፕለስ» ጎን ለጎን ተሰልፈዋል። የጤና ተማሪ ከሆናችሁ ይህን ጥያቄ ለገበሬ ታካሚ «ደብሮዎታል?» ብላችሁ ብታቀርቡ «ኧረ ሥራ በዝቶብኝ!» የሚል መልስ ታገኛላችሁ። መንፈስ መውረድን፣ ሐዘን ውስጥ መግባትንና ተስፋ መቁረጥን ለየብቻ ጠይቁ።

«ሆፕለስ» ከ«ፊል» ጋር ሲሆን ተስፋ መቁረጥ ነው፤ «ሂ ኢዝ ሆፕለስ» ግን «እሱማ አይረባም» ነው። «ዴስፕረት» ደግሞ ተስፋ የቆረጠ ሳይሆን መውጫ አጥቶ ማንኛውንም ነገር ለመሞከር የተነሳ ሰው ነው። ጓደኛችሁ በእንግሊዝኛ ሳምንታት ሙሉ «ዲፕረስት» ነኝ ካላችሁ፣ እንቅልፍም ምግብም ከጠላ፣ «ቺር አፕ» (ፈታ በል) ብላችሁ አትለፉት። «ሃቭ ዩ ቶክድ ቱ ኤኒዋን አባውት ኢት?» ብላችሁ ለሰው ነግሮ እንደሆነ ጠይቁት፤ ወደ ሐኪም ለመውሰድም በሩ ይከፈታል።

እንግዳው «አንሃፒ» ሲል

«አንሃፒ» መዝገበ ቃላት ላይ «ያልተደሰተ» ነው። ሆቴል ውስጥ ግን ሰምና ወርቅ አለው፤ ሰሙ አለመደሰት፣ ወርቁ «ክፍሉን ለውጡልኝ ወይም ገንዘቤን መልሱ» ነው። «አይም ኖት ቬሪ ሃፒ ዊዝ ዘ ሩም» ያለ እንግሊዛዊ ድምፁን ዝቅ ስላደረገ ጉዳዩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ይህ ቅሬታ ነው። «አይም አፍሬድ ዘ ሻወር ኢዝንት ዎርኪንግ» ሲልም የፈራው ነገር የለም፤ መጥፎ ወሬን በጨዋነት የሚጀምርበት መንገድ ነው።

መልሱ ላይ ሁለት ነገር አትበሉ። «ዶንት ቢ ሳድ» አትበሉ፤ እንግዳው አላለቀሰም። «ኖ ፕሮብሌም» አትበሉ፤ እኛ «ችግር የለም» የምንለው አይዞህ ይስተካከላል ለማለት ነው፣ እሱ ግን «ችግር መኖሩን አላምንም» ብላችሁ እንደካዳችሁት ይቆጥረዋል። መጀመሪያ «አይም ሶሪ አባውት ዛት»፣ ቀጥሎ የምታደርጉት ነገር፣ ከዚያ መቼ እንደምታደርጉት፦ «አይል ሴንድ ሰምዋን አፕ ናው»። ሦስቱ ካሉ ንዴቱ ይበርዳል፤ ጊዜውን ሳትናገሩ ከቀራችሁ ግን በአሥር ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ ይመጣል።

አስጎብኚዎች ደግሞ «ዲሳፖይንቲድ»ን ቀድማችሁ ተጠቀሙበት። የጢስ ዓባይ ውኃ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ ፏፏቴው ይሳሳል፤ ፎቶግራፍ አይቶ የመጣ ሰው ደርሶ ቀጭን ጅረት ያገኛል። መኪና ከመነሳቱ በፊት «አት ዚስ ታይም ኦቭ ይር ዩ ማይት ቢ ዲሳፖይንቲድ» በሉት፤ ክረምቱ እንደወጣ በመስከረምና በጥቅምት ውኃው ሙሉ እንደሚሆንም ንገሩት። የተነገረው ሰው ቢከፋም «ዋት ኤ ሼም» ብሎ ድልድዩንና መንገዱን አይቶ ይመለሳል። ያልተነገረው «አንሃፒ» ሆኖ ይመለሳል፤ ልዩነቱ ጉርሻው ላይ ይታያል።

ለቅሶ መድረስ በእንግሊዝኛ

ሰው ለሞተበት ሰው «ሳድ» ለእናንተ ነው፣ «ሶሪ» ለእሱ ነው። «አይም ሶ ሶሪ ፎር ዩር ሎስ» የተለመደው ነው፤ ለቅርብ ሰው «አይም ሶ ሶሪ አባውት ዩር ፋዘር» ይሻላል፣ የሟቹን ማንነት ስለሚያነሳ። «ሶሪ» ማለት ጥፋቱን መቀበል አይደለም። ሆኖም ሰው ሲደናቀፍ እኛ «እኔን!» የምንለውን «ሶሪ» ብላችሁ ብትተረጉሙት ፈረንጁ «ያንተ ጥፋት አይደለም» ሊላችሁ ይችላል፤ እዚያ ቦታ «አር ዩ ኦል ራይት?» ይባላል።

«አረፉ» ለማለት «ፓስድ አዌይ» አለ፤ «ዳይድ» ግን ብልግና የለበትም፣ እንግሊዞች በግልጽ ይሉታል። «በቃ አታልቅስ» የሚለው የእኛ ማጽናኛ በእንግሊዝኛ «ዶንት ክራይ» ሲሆን ለአዋቂ ሰው ሐዘኑን የሚከለክል ይመስላል። «የፈጣሪ ፈቃድ ነው»ም እንዲሁ፤ የሰውየውን እምነት ካላወቃችሁ ተዉት። «እግዜር ያጽናህ» ለሚለው አቻ አትፈልጉ፤ «አይም ቲንኪንግ ኦቭ ዩ» ቦታውን ይይዛል።

በጽሑፍ ሲሆን አራት መስመር ይበቃል። የሟቹ ስም ያለበት «ሶሪ»፤ ስለ ሟቹ የምታስታውሱት አንድ መልካም ነገር፤ ልትረዱ የምትችሉት አንድ የተለየ ነገር፤ መዝጊያው «ዊዝ ዲፐስት ሲምፓቲ»። «የሚያስፈልግህ ካለ ንገረኝ» የሚለው አይጠቅምም፤ ያዘነ ሰው አይጠይቅም። ሐሙስ ምግብ አመጣለሁ ማለት ይሻላል።

«ግሪፍ» ውስጥ ያለው ሐዘን ነው፤ «ሞርኒንግ» ደግሞ ውጭ የሚታየው ሥርዓት፣ ጥቁሩ ልብስና ነጠላ አዘቅዝቆ መልበሱ ነው። «ሺ ኢዝ ኢን ሞርኒንግ» ሐዘን ላይ ናት ማለት ነው። በአብዛኛው የእንግሊዝኛ አነጋገር ድምፁ ከ«ጠዋት» ጋር አንድ ስለሆነ በጽሑፍ የምታስገቡት «ዩ» የግድ ናት። ሙሾን ለእንግዳ ስታስረዱ አንድ ቃል አትፈልጉ፤ በለቅሶ ላይ ስለ ሟቹ እየገጠሙ የሚያለቅሱበት ዜማ መሆኑን በዐረፍተ ነገር ተናገሩ። 40 ቀን የሚወጣውን ተዝካርም «ፎርቲ ዴይ ሜሞሪያል» ብትሉት ይገባዋል።

የቀሩት

«ሚዝረብል» ብርድና ዝናብ የተቀላቀለበት መከፋት ነው፤ በሐምሌ ጮቄ ላይ በስብሶ የተቀመጠ ሰውም፣ አየሩም ሚዝረብል ይባላሉ። በንግግር ብዙ ጊዜ ሦስት ክፍለ ቃል ነው፣ «ሚዘራብል» አትበሉት። «ብሉ» ለመከፋት «ፊሊንግ ብሉ» ሲባል ይሠራል፤ አሁን አሁን ያረጀ ይመስላል። «አንደር ዘ ዌዘር» መከፋት አይደለም፣ ትንሽ አሞኛል ነው።

ክብደታቸውን በቅደም ተከተል ካስቀመጥናቸው «ኤ ቢት ዳውን»፣ «ሳድ»፣ «ሪሊ አፕሴት»፣ «ሃርትብሮክን»፣ «ዴቫስቴቲድ» ይሆናሉ። በመጨረሻው ላይ «ቬሪ» አይጨመርም፣ ቀድሞ ሞልቷል፤ ማጉላት ከፈለጋችሁ «አብሶሉትሊ» በሉ። እንግሊዞች ቡድናቸው ሲሸነፍ «ገቲድ» ይላሉ፤ የጓደኛ ቋንቋ ስለሆነ በማመልከቻ ወይም በፈተና ድርሰት ላይ አታስገቡት።